በየቀኑ የሚቀባ የማያቃጥል ሊፕ ባልም ምታውቁ? ከንፈሬ አለቀ

ማክያቶ_ያለስኳር
ታህሳስ 17

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ጥያቄዬ ቀላል ሊመስላችሁ ይችላል ግን እኔን አንድ ወር ሙሉ አሰቃይቶኛል። ከህዳር አጋማሽ ጀምሮ ከንፈሬ ይደርቃል፣ ይላጣል፣ የታችኛው ደሞ መሀሉ ላይ ቁልቁል ተሰንጥቋል። ጠዋት ቡና ስጠጣ የስኒው ጠርዝ ልክ እቺ ስንጥቅ ላይ ነው ሚያርፈው፣ ሽሮ ስበላ በርበሬው ሲገባባት ደሞ አትጠይቁኝ። ስስቅ ትደማለች፣ ስለዚህ መሳቅ ትቼ ቢሮ ውስጥ ተኮሳትሬ እውላለሁ፣ አለቃዬ ራሱ "ምነው አኮረፍሽ እንዴ" አለኝ።

የሞከርኩትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ጓደኛዬ ከውጭ ያመጣችልኝ የሚንት ሽታ ያለው ትንሽ ቱቦ ነበር፣ ላዩ ላይ የሚያረጋጋ ምናምን ይላል። ስቀባው ቀዝቀዝ ያረገኛል፣ ትንሽ ቆንጠጥ ያረገኝና ያልፋል፣ እንደውም ደስ ይላል፣ ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከበፊቱ ብሶ ይደርቅና እንደገና እቀባለሁ፣ በቀን አስራ አምስት ጊዜ ሳልቀባ አልቀርም፣ ቱቦው በሶስት ሳምንት አለቀ። ከዛ ሰፈር ካለ ሱቅ የእንጆሪ ሽታ ያለው ቀይ ነገር ገዛሁ፣ እሱ ደሞ ይጣፍጣል፣ ሳይታወቀኝ ስልሰው እውላለሁ፣ ተቀባሁት ከምል በላሁት ብል ይሻላል።

እናቴ "ጾሙ ይፈታና ለጋ ቅቤ ትቀቢያለሽ፣ ሁለት ቀን አይፈጅም" ትለኛለች። እኔ ግን ቅቤ እየሸተትኩ ሚቲንግ መግባት አልችልም። ሱስ አስያዘኝ እንዴ? ደሞ በየቀኑ ቢቀቡት ችግር ሌለው ምን ልግዛ? የሞከራችሁትን ብቻ ንገሩኝ ፕሊስ፣ ማስታወቂያ አልፈልግም።


ቀበሌ_12
ታህሳስ 17

ቫዝሊን። ሽታ የሌለው። በቃ።


ከመደርደሪያው_ጀርባ
ታህሳስ 17

ከላይ ያለው ልጅ በአራት ቃል ጨርሶታል ግን እኔ ፋርማሲ ስለምሰራ ትንሽ ላብራራው፣ በዚህ ወር በቀን ስንት ሰው ይሄን ጥያቄ ይዞብኝ እንደሚመጣ አትጠይቂኝ።

ከንፈር እንደሌላው ቆዳ አይደለም እህቴ። ፊትሽ ላይ ወዝ ሚያወጡ እጢዎች አሉ፣ ከንፈር ላይ ግን የሉም ማለት ይቻላል፣ ላይኛው ሽፋኑም በጣም ስስ ነው። ስለዚህ ውስጡ ያለው እርጥበት ቶሎ ተኖ ይወጣል። የበጋ ደረቅ አየር አለ፣ የጠዋት ብርድ አለ፣ ከሰዓት ደሞ ያ ፀሐይ። ምራቅ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል፣ ምራቅ እኮ ምግብ ሚፈጭ ነገር አለው፣ ከንፈርሽ ላይ ሲደርቅ የነበረውንም እርጥበት ይዞት ይሄዳል። ያ እንጆሪው ጥፋቱ ይሄ ነው፣ ስለሚጣፍጥ ያስልስሻል።

የሚንቱ ነገር ደሞ ብዙ ሰው ሚሸወድበት ነው። ሜንቶል ቅዝቃዜ ሚያውቀውን ነርቭ ነው ሚቀሰቅሰው፣ ቀዝቀዝ ያለሽ ለዛ ነው፣ ቁስሉን አላዳነውም። መቆንጠጡ "እየሰራ ነው" ማለት አይደለም፣ የተሰነጠቀ ከንፈር ላይ መቆንጠጥ ማለት እየቆጣው ነው ማለት ነው። ሱስ አይደለም፣ ውስጡ ሱስ ሚያስይዝ ነገር የለም፣ ግን ይቆጣል ይደርቃል ትቀቢያለሽ፣ ይቆጣል ይደርቃል ትቀቢያለሽ፣ ዙሪያ ጥምጥም ነው። ስትገዢ ጀርባውን አንብቢ፣ ሜንቶል፣ ካምፎር፣ ፔፐርሚንት፣ ባህር ዛፍ፣ ቀረፋ፣ ፌኖል፣ ሳሊሲሊክ አሲድ ሚል ካየሽ ለጊዜው መልሺው። ፔትሮላተም (ማለት ቫዝሊኑ)፣ የንብ ሰም፣ ሺአ በተር፣ ዳይሜቲኮን ሚል ከሆነና ሽታ ከሌለው ውሰጂው። ዝርዝሩ ባጠረ ቁጥር ጥሩ ነው፣ ዋጋው ውድ መሆኑ ምንም አይነግርሽም።

አቀባቡ ላይ ደሞ፣ ፊትሽን ታጥበሽ ከንፈርሽ ገና እርጥብ እያለ ቀቢው። እሱ ውሃ አይሰጥም፣ ያለውን ነው ከድኖ ሚይዝልሽ፣ ደርቆ ካለቀ በኋላ ብትከድኚው ምን ይይዛል? ማታ ስትተኚ ወፈር አርገሽ። የተነሳውን ቆዳ በጥርስ አትላጪ፣ እባክሽ፣ ይሄን ሁሉም ሰው ያረገዋል ሁሉም ሰው ይክዳል።

የጥርስ ሳሙናሽንም እይው፣ በጣም ሚያቃጥል ሚንት ወይ ቀረፋ ካለው ለሁለት ሳምንት ለስለስ ባለ ቀይሪው። የብጉር ኪኒን (አይሶትሬቲኖይን ሚባለው) ምትወስጂ ከሆነ ደሞ እሱ ራሱ ከንፈር ያደርቃል፣ ላዘዘልሽ ሐኪም ንገሪ። የአፍ ጥግ ጥጉ ብቻ ከሆነ ሚሰነጠቀው ሌላ ነገር ነው፣ ፈንገስ ወይ የደም ማነስ ሊሆን ስለሚችል በቅባት አይለቅም። ሶስት ሳምንት አልፎት ማይድን ቁስል ካለም ታየት።


ማክያቶ_ያለስኳር
ታህሳስ 18

ዶክተር እግዜር ይስጥልኝ፣ በጥርስ ሚለው ላይ ተያዝኩ 🙈


ከመደርደሪያው_ጀርባ
ታህሳስ 18

ዶክተር አይደለሁም፣ ግን አሜን 😄


ብርድ_በሚኒሶታ
ታህሳስ 18

እኔ ያለሁት ሚኒሶታ ነው፣ እዚህ ውጪው ከዜሮ በታች ነው ቤቱ ደሞ ሂተሩ ሌት ተቀን ስለሚነድ አየሩ ልክ እንደ ምድጃ አፍ ነው። መጀመሪያ የመጣሁ አመት ከንፈሬ ብቻ ሳይሆን አፍንጫዬ ይደማ ነበር። ሰው ሁሉ ውሃ ጠጣ ውሃ ጠጣ አለኝ፣ ጠጣሁ፣ ሽንት ቤት ከመመላለስ በቀር ምንም አላተረፍኩም። ለኔ የሰራው መኝታ ቤት ውስጥ አየር ሚያረጥብ ማሽን ማስገባት ነው፣ ሲቸግረኝ እርጥብ ፎጣ ወንበር ላይ አሰጣለሁ፣ ጠዋት ድርቅ ብሎ አገኘዋለሁ፣ ያ ሁሉ ውሃ የት ሄደ በሉ። አዲስ አበባ ሂተር የላችሁም አውቃለሁ ግን ጉንፋን ይዞሽ አፍንጫሽ ተዘግቶ በአፍሽ ምትተነፍሺ ከሆነ ያው ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ከንፈርሽ ላይ ንፋስ ይነፍሳል ማለት ነው።


የደብረብርሃኗ
ታህሳስ 19

ልጆች ስለ ብርድ ስታወሩ የደብረ ብርሃን ሰው ዝም አይልም። እኔ አርባ ዓመት አልፎኛል፣ ሊፕ ባልም ገዝቼ አላውቅም፣ ራሴ ነው ምሰራው። ንፁህ የንብ ሰም አንድ ማንኪያ ትፈቅፍቂና አራት ማንኪያ ዘይት ላይ፣ የወይራም የኮኮናትም ይሆናል፣ ኑግ ግን ሽታው ይከብዳል። ቀጥታ እሳት ላይ እንዳታደርጊው ልጄ፣ ድስት ውስጥ ውሃ አፍልተሽ ጎድጓዳ ሳህኑን እዛ ላይ አስቀምጪና ቀስ ብሎ ይቅለጥ። ከዛ በቀዝቃዛ ሳህን ላይ አንድ ጠብታ ጣይና በጣትሽ እሺው፣ እንደ ጧፍ ከደረቀብሽ ዘይት ጨምሪ፣ ከፈሰሰብሽ ሰም ጨምሪ። በነጠላ ጨርቅ አጥልለሽ ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ታደርጊዋለሽ። አንዴ ከሰራሁት በጋውን ሙሉ እኔንም ልጆቼንም ያደርሰናል፣ ጎረቤትም ይወስዳል። ማርም ጠብ ማድረግ ይቻላል።

ቅቤውን አትናቂ ደግሞ፣ እናትሽ ልክ ናት።


ከመደርደሪያው_ጀርባ
ታህሳስ 19

እትዬ አሰራሩን በጣም ወድጄዋለሁ በተለይ የሳህኗ ሙከራ። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር ይቅርታ ያርጉልኝና። በደንብ ያልተጣራ ሰም ውስጥ ፕሮፖሊስ (ንቧ ቀፎውን ምትደፍንበት ሙጫ) ሊኖር ይችላል፣ እሱ አንዳንድ ሰው ላይ አለርጂ ያስነሳል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ክንድ ውስጠኛው ላይ ቀብቶ ጥቂት ቀን ማየት ነው። ማሩን ደሞ አንድ አመት ያልሞላው ህፃን ከንፈር ላይ በፍፁም፣ ህፃን ማር አይቀምስም። ለትልቅ ሰውም ቢሆን ይጣፍጣልና ተመልሰን መላሱ ጋ መሄዳችን ነው።


የደብረብርሃኗ
ታህሳስ 19

እሺ ልጄ ተቀብያለሁ። ህፃን የለኝም ለነገሩ፣ የመጨረሻው አስራ ሁለተኛ ክፍል ነው።


ዲያቆን_ነኝ_ማለት_ይቻላል
ታህሳስ 19

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው፣ በጾም ቅቤ የተቀባ ከንፈር ሳያውቅ ቢላስ ገደፈ ነው አልገደፈም? 😂 እናትሽ ጾሙ ይፈታ ያሉት ዝም ብለው አይደለም።


ሳይት_ላይ
ታህሳስ 20

ወንድ ሆኖ ሊፕ ባልም መጠየቅ ያሳፍራል ብዬ ሁለት ቀን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፣ በቃ ልጻፍ። ኮንስትራክሽን ሳይት ነው ምውለው፣ ኮፍያ አረጋለሁ ግን የታችኛው ከንፈሬን ፀሐይዋ ጠበሰችው፣ ጠቆር ብሎ ቅርፊት ቅርፊት አወጣ። ለኔ ቫዝሊን ብቻውን አልሰራም፣ አሸዋውና ሲሚንቶው ሄዶ ይለጠፍበታል፣ ከሰዓት ከንፈሬ የተለሰነ ግድግዳ ይመስላል። አንድ ሰው ኤስፒኤፍ 30 ያለው (ፀሐይ ሚከላከል)፣ እንደ ማስቲሽ ሚሽከረከር ሊፕ ባልም ገዝቶ ሰጠኝና እሱ ነው የተሻለኝ። ግን ችግሩ ነጭ ያረጋል፣ ከንፈሬ አመድ የላሰ መሰለ፣ ልጆቹ "ዱቄት ሰርቀህ በላህ" እያሉ ይስቁብኛል። ነጭ ማያረግ አለ?


ከመደርደሪያው_ጀርባ
ታህሳስ 20

ወንድሜ ፀሐይ ወንድ ሴት አይልም። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለነው፣ በየ1,000 ሜትሩ ደሞ አልትራቫዮሌት ጨረሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ስለዚህ ብርድ ስለሆነ ፀሐይ የለም ማለት አይደለም። የታችኛው ከንፈር ወደ ላይ ዞሮ ስለሚታይ እሱ ነው ሚመታው። ነጭ ሚያረገው ዚንክ ኦክሳይድ ወይ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው፣ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ እንደውም ለሚቆጣ ቆዳ እሱ ይሻላል። ካስጠላህ ቀለም ያለው፣ ቡናማ ሚመስል አይነት ፈልግ፣ ወይም እነዚህ ሁለቱ የሌሉበትን። ሲሚንቶው ላይ ደሞ ትንሽ ቅባ፣ ብዙ ስትቀባ ነው ሚለጠፈው፣ ከምሳ በኋላ ታጥበህ ድገመው። ቅርፊቱ ግን ቶሎ ካልለቀቀህ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂድ፣ እሺ?


ምች_የመታኝ
ታህሳስ 21

የኔ ከርዕሱ ትንሽ ወጣ ይላል ግን ማንም ስላላነሳው። በየአመቱ ጥር ላይ ፀሐይ ስመታ ከንፈሬ ጠርዝ ላይ መጀመሪያ ይበላኛል ከዛ ውሃ ቋጥሮ ይወጣል፣ ቤታችን ምች ነው ይላሉ፣ ዳማከሴ ታሽቶልኝ ነው ያደኩት። አንዴ የኔን ሊፕ ባልም የአክስቴ ልጅ ተዋሰችኝ፣ በሳምንቱ እሷም ላይ ወጣ። ግንኙነት አለው ወይስ ግጥምጥሞሽ ነው?


ከመደርደሪያው_ጀርባ
ታህሳስ 21

ሊኖረው ይችላል። ያ ውሃ ሚቋጥረው አብዛኛውን ጊዜ ሄርፐስ ሚባል ቫይረስ ነው፣ አንዴ ከገባ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይቀመጥና ፀሐይ፣ ትኩሳት፣ ድካም ሲያገኝ ይነሳል። አባቶቻችን "ፀሐይ መታው" ያሉት ለካ ዝም ብለው አልነበረም። ከንፈር ሚነካ ነገር፣ ሊፕ ባልም፣ ሊፕስቲክ፣ ስኒ፣ ቁስሉ እያለ ማንም አይዋስሽ፣ ህፃንም አትሳሚ፣ በተለይ አራስ። ገና ሲያሳክክሽ፣ ውሃ ሳይቋጥር፣ አሲክሎቪር ክሬም ከጀመርሽ ይሻላል፣ በፀሐይ ቀን ደሞ ኤስፒኤፍ ያለው ሊፕ ባልም መቀባት እንዳይነሳ ሊረዳሽ ይችላል። በቁስሉ ጊዜ የነካሽበትን ጣይው፣ ለብር ብለሽ አታስቀምጪው።


ቀበሌ_12
ታህሳስ 21

እኔ ቫዝሊን ብዬ ሄድኩ፣ ስመለስ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ጠበቀኝ


ማክያቶ_ያለስኳር
ጥር 15

ምን እንደሆንኩ ልንገራችሁ ብዬ ተመለስኩ። ሽታ የሌለው ቫዝሊን ገዛሁ፣ ትንሿን። መጀመሪያ ሶስት ቀን ምንም አልተሰማኝም፣ ቅዝቃዜ የለ፣ መቆንጠጥ የለ፣ "ይሄ ነገር ይሰራል ወይ" እያልኩ ነበር፣ ለካ ዝም ማለቱ ነው ስራው። በጣም የከበደኝ መላሱን መተው ነው። ጠረጴዛ ጎረቤቴ የሆነችውን ልጅ ስልስ ባየሽኝ ቁጥር ጠረጴዛውን ነካ አርጊ አልኳት፣ የመጀመሪያው ቀን እስከ ምሳ ብቻ አስራ ዘጠኝ ጊዜ ነካችው፣ አለቃችን "ማነው በር ሚያንኳኳው" እስኪል ድረስ። አሁን ሁለት ሶስቴ ቢሆን ነው።

የጥርስ ሳሙናም አብሬ ቀይሬ ስለነበር የትኛው እንዳዳነኝ ማወቅ አልቻልኩም፣ እዚህ ላይ ተሸውጃለሁ፣ አንድ በአንድ ነበር ማየት የነበረብኝ። በስምንተኛው ቀን ገደማ ስንጥቋ ገጠመች፣ አሁን በመስታወት ጠጋ ብዬ ሳያት ቀጭን ነጣ ያለች መስመር ብቻ ናት። ቡናዬን በየትኛውም የስኒ በኩል እጠጣለሁ። ለጥምቀት ጃንሜዳ ስሄድ ሳይት ላይ ያለው ወንድሜ እንዳለው ኤስፒኤፍ ያለው ተቀብቼ ሄድኩ፣ ቀለም ያለውን፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሜ ማታ ከንፈሬ ደህና ነበር፣ አፍንጫዬ ግን ተላጠ፣ እሱን የረሳሁት እኔ ነኝ።

የደብረብርሃኗ እናቴ፣ ቅቤውንም ሞክሬዋለሁ። ገና በዋለ ማግስት ማታ እማዬ እራሷ ቀባችኝ፣ የምር ለስላሳ ነው ከንፈሬ ላይ፣ ግን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የሆነ ሻካራ ነገር ፊቴ ላይ ሲሄድ ነቃሁ፣ ድመታችን ናት ደረቴ ላይ ተቀምጣ ከንፈሬን ምትልሰው።


የደብረብርሃኗ
ጥር 15

በሩን መዝጋት ነበረብሽ ልጄ