ሕፃን በአሳዳጊው ድብደባ ሲሞት ቅጣቱ ለምን ይራራቃል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የእንጀራ ወላጅ፣ ዘመድ ወይም ሞግዚት ሕፃን ደብድቦ ሲገድል አንዱ ዕድሜ ልክ፣ ሌላው ሦስት ዓመት ተፈረደበት ይባላል። በአንድ ሕግ ይህ ልዩነት ከየት ይመጣል?

መልስ፦ ከገዳዩ ሐሳብ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ለዚህ የተለየ አንቀጽ የለውም፤ ክሱ በግድያ አንቀጾች ይቀርባል። አንቀጽ 539 (ከባድ ግድያ) ዕድሜ ልክ ወይም ሞት፣ 540 (ተራ ግድያ) ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት፣ በቸልተኝነት ከሆነ 543(1) ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ። ጠበቃው «ሊቀጣው እንጂ ሊገድለው አላሰበም» ማለቱ አይቀርም። ግን በ58(1)(ለ) መሠረት ሊሞት እንደሚችል እያወቀ የመጣው ይምጣ ብሎ የመታም አስቦ እንዳደረገ ይቆጠራል። ስለዚህ ዐቃቤ ሕግ በምን እንደመታው፣ የት አካሉ ላይ፣ ስንት ጊዜ፣ ከዚያስ ሐኪም ቤት ወሰደው ወይስ ደበቀው የሚለውን አንድ በአንድ ማስረዳት አለበት። ይህ ከጎደለ ክሱ ወደ 543 ይወርዳል። እዚያም ቢሆን ንዑስ 2 ሕይወትን የመጠበቅ ግዴታ ላለበት ሰው ከ1 እስከ 5 ዓመትና መቀጮ ስለሚል፣ አሳዳጊ ላይ ሊጠቀስ ይገባል ባይ ነኝ። የልጁ ዕድሜ ደግሞ በ84 ቅጣት ማክበጃ ነው።

መልስ፦ ትክክል። እኔ የምጨምረው አሳዳጊ በሕፃን ላይ የሚያደርሰውን ድብደባና በደል ስለሚቀጣው አንቀጽ 576 ነው። ልጁ በሕይወት እያለ መዝገቡ በዚህ አንቀጽ ይከፈታል፤ ቅጣቱ እስከ 3 ወር ቀላል እስራት፣ ከባድ ጉዳት ካደረሰ ከ1 ዓመት የማያንስ ነው። ተጠርጣሪው በዋስ ወጥቶ ምስክር ያግባባል። የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 63 ግን ተጎጂው ሊሞት የሚችል ከሆነ ዋስትና እንዳይፈቀድ ይላል። መርማሪው የሐኪሙን ማስረጃ በመጀመሪያው ቀጠሮ ይዞ ይቅረብ! ልጁ ከሞተም ክሱ እንዲሻሻል ወዲያው ይጠየቅ።

መልስ፦ ብዙው መዝገብ የሚበላሸው ከቀብር በፊት ነው። «ከደረጃ ወደቀ» ተብሎ በዚያው ቀን ይቀበራል፤ አስከሬን ካልተመረመረ የሞቱን ምክንያት ማስረዳት ከባድ ነው። ጎረቤት የጠረጠረ ሳይቀበር ለፖሊስ ያመልክት፤ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 11 ዓይኑ ባያይም ይችላል። በምርመራው የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ቁስሎች፣ የዳነ የጎድን አጥንት ስብራት፣ በራስ ቅል ውስጥ የፈሰሰ ደም መኖር አለመኖሩ ተለይቶ ይጻፍ። የቆየ ጠባሳና አዲስ ቁስል አብረው ከተገኙ፣ ድብደባው የአንድ ቀን ንዴት ነው የሚለው መከላከያ ይዳከማል። ከተቀበረም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊወጣ ይችላል፤ ግን በዘገየ ቁጥር የለስላሳው አካል ምልክት ይጠፋል፣ የሚተርፈው አጥንቱ ነው።