ኦርኪዴን ነጭ ተባይ ወረረብኝ፤ አሁን ነቅዬ ልትከለው?

ጤና ይስጥልኝ። አበባ የምታውቁ እባካችሁ ምከሩኝ። እህቴ ለልደቴ ያመጣችልኝ ኦርኪድ በቅጠሎቹ ብብት ውስጥ ጥጥ የመሰለ ነጭ ተባይ ይዞታል፤ ቅጠሉን ሲነኩት ያጣብቃል። 70 በመቶ አልኮል በነከርኩት ጥጥ ሁለት ጊዜ ጠረግሁት፤ በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ትናንት ከመትከያው ሳወጣው ደግሞ ግማሹ ሥር ቡናማ ሆኖ በጣቴ መሐል ሟሸሸ፤ የቀረው ጠንካራና ብርማ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እንደ ጽጌረዳ በየቀኑ ውሃ ሳጠጣው ከርሜአለሁ።

የበሰበሰውን ቆርጬ አሁኑኑ ልትከለው ወይስ ተባዩ እስኪጠፋ ልጠብቅ? ሁለት አበባ የቀረውን ዘንግስ ልቁረጠው? (አንጀቴ አልቻለም።) አፈር እንደማይስማማው አውቃለሁ፤ የዛፍ ቅርፊት ግን አላገኘሁም። የተከሰከሰ ከሰል ብቻውን ይበቃዋል? ለጊዜው ሥሩን እንደተራቆተ ሳህን ላይ አጋድሜዋለሁ።