እማዬ የጉንፋን ክትባት አልወጋም አለች፣ ምን ይሻላል?

ጠያቂ (ከሜሪላንድ)፦ እማዬ 71 ዓመቷ ነው። ሲጋራ አጭሳ አታውቅም፤ ግን አገር ቤት ዕድሜዋን ሙሉ በእንጨት እንጀራ ስትጋግር ጭሱ ሳንባዋን ጎድቶት አሁን ሲኦፒዲ (ትንፋሽ የሚያሳጥር የማይለቅ የሳንባ በሽታ) አለባት፣ ያለ ኢንሄለር (በአፍ የሚሳብ መድኃኒት) ደረጃ አትወጣም። አምና ተከትባ በማግስቱ አተኮሳት፤ ወር ሳይሞላ ደግሞ ጉንፋን ያዛት። ዘንድሮ «በሽታውን የሚወጉን ራሳቸው ናቸው» ብላ ድርቅ አለች። እውነቷን ነው እንዴ? ፋርማሲውም ብዙ ዓይነት አለ ብሎ ግራ አጋባኝ።

ነርሷ፦ እህቴ፣ በመርፌ የሚሰጠው ውስጥ ሕያው ቫይረስ የለም፤ ክትባቱ የሚከላከለውን ከባዱን ጉንፋን፣ ኢንፍሉዌንዛን፣ ሊያስይዛቸው አይችልም። የክንድ ሕመም፣ ትንሽ ትኩሳትና ቁርጥማት ግን አንድ ሁለት ቀን ያጋጥማል። 65 ዓመት ለሞላው ሰው እዚህ አሜሪካ የሚመረጡት ፍሉዞን ሃይ ዶዝ፣ ፍሉብሎክ ወይም ፍሉአድ ናቸው፤ ከሦስቱ ያገኘሽውን አስወጊ፣ ከጠፉም ተራውን። በአፍንጫ የሚረጨው ግን ሕያው ስለሆነና ከ49 ዓመት በላይ ስለማይሰጥ ለእሳቸው አይሆንም። ሜዲኬር ፓርት ቢ (የመንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን) ካላቸው አይከፍሉም። ለመሥራት ሁለት ሳምንት ያህል ስለሚፈጅ ኦክቶበር ሳያልቅ ውሰጃቸው። የኒሞኒያውንም (የሳንባ ምች) ክትባት ወስደው እንደሆነ ጠይቂ፣ በአንድ ቀን ሁለቱንም መወጋት ይቻላል።

የአስም ልጅ፦ እኔ ጥፋቱን በቋንቋችን ነው የማላክከው። አፍንጫ የሚያንጠባጥበውንም፣ ሳምንት አልጋ ላይ የሚጥለውንም «ጉንፋን» እንላለን። ክትባቱ ለሁለተኛው ነው። አባቴም እንደዚሁ «አልሠራም» እያለ ሲያስቸግረኝ «የጉንፋን» ማለቱን ትቼ «ሳንባህን የሚጠብቅ» አልኩት፣ እጅጌውን ራሱ ሰበሰበ።

ተጠራጣሪው፦ እኔ ግን ተከትቤም ኢንፍሉዌንዛው ያዘኝ፣ ተመርምሬ ነው የምልሽ።

ነርሷ፦ @ተጠራጣሪው ይይዛል፣ ማን አይዝም አለ? ግን ብዙውን ጊዜ ቀለል ይላል። አንተ ሦስት ቀን ተኝተህ ትነሳለህ፤ ሲኦፒዲ ያለበት ሰው ግን በዚያው ትንፋሹ አጥሮ ሆስፒታል ይገባል። ጠያቂዋ፣ ካተኮሳቸውና ሳሉ ከባሰ በዝንጅብልና በነጭ ሽንኩርት ቀን እንዳትፈጂ፤ ታሚፍሉ የሚባለው የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት በደንብ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ሲጀመር ነው፣ ወዲያው ሐኪማቸው ጋ ደውዪ። መተንፈስ ካቃታቸው ግን ቀጥታ 911። እናንተ አብራችሁ የምትኖሩትም ተወጉ።

ጠያቂ፦ ተባረኩ! ቅዳሜ ሃይ ዶዙን ተወጋች። «መጀመሪያ አንቺ» ስላለችኝ እኔ ቀደምኩ። ክንዷን ትንሽ አመማት፣ ትኩሳት የለም። ይኸው በክንዷ እያሳበበች ሦስት ቀን ሙሉ ቡና የማፈላው እኔ ነኝ።