ሦስት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፦ በፍላሽ መመላለስ መረረኝ

የማራኪዋ ጸሐፊ

ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ማራኪ፣ ግቢው አጠገብ ትንሽ የጽሕፈትና ኮፒ ቤት አለችኝ። ፕሪንተሩ በዩኤስቢ የተሰካው በሩ ጋ ባለው ዊንዶውስ 10 ላይ ነው። ሌሎቹ አንዱ 7፣ አንዱ 11 ናቸው። ሼር አድርጌው አንድ ሰሞን ሠራ። አሁን ከ7ቱ ላይ ለማገናኘት ስሞክር መጨረሻው 11ቢ የሆነ ኤረር ያመጣል። የበሩ ኮምፒውተር ከጠፋ ደግሞ ሁላችንም ሥራ ፈተን እንቀመጣለን።

ስለዚህ በፍላሽ እንመላለሳለን። ባለፈው ሐሙስ አንዲት ተመራቂ 94 ገጽ ጽሑፏን ሰጠችኝ፣ በማግስቱ ዲፌንስ አላት፣ ፋይሉን ከ11ዱ ወደ በሩ ኮምፒውተር ወስጄ ስከፍተው 101 ገጽ ሆኖ ቁጭ አለ፤ ማውጫው ተዛብቷል፣ ሠንጠረዡ ለሁለት ተቆርጧል። ልጅቷ አጠገቤ ቆማ እያየች ነው። አንጀቴን በላችኝ። እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት አብረን አስተካከልን። ምን ባደርግ ይሻላል?

ፒያሳ ኬብል

አይዞሽ እህቴ። መጀመሪያ የፕሪንተሩን ጀርባ እዪ። ከዩኤስቢው አጠገብ የኔትወርክ ኬብል የሚገባበት አራት ማዕዘን ቀዳዳ ካለ ግማሹ ችግር አለቀ። ከራውተሩ፣ ማለትም ኢንተርኔቱን ለኮምፒውተሮቹ ከሚያከፋፍለው ሳጥን ጋር በኬብል አገናኚው። ከዚያ በሦስቱም ኮምፒውተር ላይ ፕሪንተሩን በአይፒ አድሬሱ፣ ማለትም ኔትወርኩ ላይ በሚታወቅበት ቁጥር ጨምሪው። ያኔ የማንም ኮምፒውተር ጥገኛ አይሆንም፣ የበሩ ቢጠፋም ሌሎቹ ያትማሉ።

አንድ ነገር ግን እንዳትረሺ፦ ራውተሩ ውስጥ ገብተሽ አድሬሱን ለፕሪንተሩ ብቻ ያዢለት። አለበለዚያ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራውተሩ ሌላ ቁጥር ሊሰጠው ይችላል፣ ኮምፒውተሮቹ ደግሞ በድሮው ቁጥር እየፈለጉት ኦፍላይን ይሉሻል። እኛ ሰፈር መብራቱ እንደምታውቂው ነው።

11ቢ የሚለው በፈረንጆቹ 2021 ከወጡት የፕሪንተር ደኅንነት አፕዴቶች ጋር የመጣ ነው። ሬጅስትሪ (ዊንዶውስ ሴቲንጎቹን የሚያስቀምጥበት) ውስጥ ገብተሽ ይህንን መከላከያ ዜሮ አድርጊው የሚሉሽ ሞልተዋል። ይሠራል፣ ግን መከላከያውን እያጠፋሽ ነው። እኔ አልመክርም።

አዘዞ

በፋይሉ በኩል ልጨምር። አንዱ ኮምፒውተር ላይ «ሥራ» የሚል አንድ ፎልደር ክፈቺ፣ እሱን ብቻ ሼር አድርጊ፣ በዩዘርና በፓስወርድ። ሙሉውን ዲ ድራይቭ ለሁሉም የሚከፍት ሰው ስንት ቤት አይቻለሁ! የደንበኛ መታወቂያና ትራንስክሪፕት እኮ ነው ያለው። በዊንዶውሱ ሴቲንግ ኔትወርኩ ፐብሊክ ላይ ከሆነ ኮምፒውተሮቹ አይተያዩም፣ ፕራይቬት አድርጊው። ኤስኤምቢ 1ን (ዊንዶውስ ፋይል ሼር የሚያደርግበትን የድሮ መንገድ) አብሪው የሚልሽ ካለ አትስሚው። በፈረንጆቹ 2017 ዋናክራይ የሚባለው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ዓለምን ያዳረሰው በእሱ ቀዳዳ ነው። 7ቱም ቢሆን ኤስኤምቢ 2 ስለሚችል አያስፈልግሽም። ማይክሮሶፍት 7ን መደገፍ ያቆመው ግን በፈረንጆቹ 2020 ነው፣ ገንዘብ ስታገኚ ቀይሪው።

ለፍጥነቱም አትጨነቂ። በ100 ሜጋቢት ኬብል እንኳ በሰከንድ 11 ሜጋባይት ገደማ ይሄዳል፣ የጥናት ወረቀት ዓይንሽን ሳትጨፍኚ ይደርሳል።

የፊደል ነገር

ገጹ የጨመረው በፎንቱ ይመስለኛል። አማርኛው ኒያላ በሚባለው ፎንት ተጽፎ ከሆነ፣ ኒያላ ዊንዶውስ 10 ላይ ተጨማሪ ሆኖ ነው የሚጫነው። ከሌለ ወርድ በሌላ ፎንት ይተካዋል፣ የፊደሉ ስፋት ይለያያል፣ መስመሩ ይገፋል። በድሮዎቹ ዩኒኮድ ባልሆኑ (ለእያንዳንዱ ፊደል የጋራውን የኮምፒውተር ቁጥር በማይጠቀሙ) ፎንቶች ከተጻፈና ፎንቱ ከሌለ ደግሞ አማርኛው የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል። ስለዚህ ወርዱን አታመላልሱት። የተጻፈበት ኮምፒውተር ላይ ፒዲኤፍ አድርጉት፣ ባለቤቱ ገጹን ይቁጠር፣ ከዚያ ይታተም።

የማራኪዋ ጸሐፊ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ቀዳዳው አለ፣ በፕላስቲክ ተደፍኖ ስለነበር አይቼው አላውቅም። ከ11ዱ በቀጥታ አተመ። 7ቱ ግን ትናንት የላኩት ሥራ ተሰልፎ አልሰረዝ አለኝ።

ፒያሳ ኬብል

7ቱ ላይ ሰርቪስስ የሚለውን ከፍተሽ ፕሪንት ስፑለርን (የሚታተሙትን ሥራዎች የሚያሰልፈውን) አቁሚ። ከዚያ ሲ ድራይቭ ላይ ዊንዶውስ ፎልደር፣ ሲስተም 32 ውስጥ ስፑል፣ እዚያ ውስጥ ፕሪንተርስ የሚለውን ፎልደር ከፍተሽ ያለውን ፋይል አጥፊ። ፎልደሩን ራሱን አትንኪ። ስፑለሩን መልሰሽ አስነሺው።

የማራኪዋ ጸሐፊ

ወጣ! ሦስቱም ያትማሉ። ነገ ጠዋት የመጀመሪያዋን ተማሪ ገጿን ራሷን አስቆጥሬ ነው የማትመው።