ዲኖጀስት ከጀመርኩ ወዲህ ዝም ብሎ ያስለቅሰኛል

ሰላም እህቶች፣ ኢንዶሜትሪዮሲስ (የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ነገር ከማህፀን ውጭ የሚያድግበት ህመም) አለብኝ፣ ዶክተሯ ዲኖጀስት የሚባል የሆርሞን እንክብል 2 ሚሊግራም በየቀኑ አዛልኝ፣ የሆዴ ቁርጠት ቀንሶልኛል ተመስገን ግን ደሙ ጠብ ጠብ ማለቱን አላቆመም፣ ራሴንም ያመኛል፣ ከሁሉም የከበደኝ ደግሞ ያለምክንያት ማልቀሱ ነው። ላቁመው ወይስ ልታገስ? የወሰዳችሁ ንገሩኝ በናታችሁ

መልስ 1፦
አይዞሽ የኔ እህት። ደሙ መጀመሪያዎቹ ወራት ላይ ብዙ ሰው ያጋጥመዋል፣ እየቆየ ይቀንሳል፣ ብቻ ሰአቱን ሳታዛቢ ዋጪው። ልቅሶውን ግን እንዳትታገሺው!! ድብርት የታወቀ የመድሃኒቱ ጎንዮሽ ጉዳት ነው፣ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ለዶክተሯ ንገሪያት፣ ራስሽን የመጉዳት ሀሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ዛሬውኑ ሀኪም ቤት ሂጂ።

መልስ 2፦
እኔ ለዚሁ ህመም መርፌው ነበር የተሰጠኝ፣ ጎሴሬሊን የሚባለው፣ ድንገት ሰውነቴን የሚያግለው ወላፈን ሌሊት አላስተኛ ሲለኝ ሀኪሜ ትንሽ ሆርሞን ጨመረበትና ቀለል አለኝ፣ መርፌው አጥንት ስለሚያሳሳ የተጨመረው ሆርሞን ለዛም ይጠቅማል አለኝ። ለቁርጠቱ አይቡፕሮፌን ሳይጠናብሽ በፊት ከምግብ ጋር ውሰጂ፣ ጨጓራ ካለብሽ ግን መጀመሪያ ጠይቂ። ሆድሽ ላይ ሙቅ ነገር ማድረግም ደስ ይላል

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ነገ እደውልላታለሁ። ካልተስማማኝ ሌላ አማራጭ አለ?

መልስ 1፦
አለ እንጂ፣ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ ሆርሞን ያለው ሉፕም አለ፣ ሌላ እንክብልም አለ። አንዱ እምቢ ቢል ሌላው ሊስማማሽ ይችላል፣ ደሙንና ስሜትሽን በየቀኑ ጻፊና አሳያት