ከጤፍ ጭድ የማወጣው ሴሉሌዝ አነሰብኝ፤ ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?

የማራኪዋ ተማሪ

ሰላም ለሁላችሁ። ለመመረቂያ ጥናቴ ትራይኮደርማ ሪሴይ የተባለውን ሻጋታ በጤፍ ጭድ ላይ አሳድጌ ሴሉሎስን ወደ ስኳር የሚሰብረውን ኢንዛይም፣ ሴሉሌዝን፣ ለማምረት እየሞከርኩ ነው። አሠራሬ ይህ ነው፦ ጭዱን በቡና መፍጫ እፈጭና 10 ግራሙን በ250 ሚሊ ፍላስክ አደርጋለሁ። 40 ሚሊ የማዕድን ጨው ውህድና 2 ግራም ሞላሰስ እጨምራለሁ። በ15 ፒኤስአይ ግፊት 20 ደቂቃ አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ማምከን) አደርገውና ከፔትሪ ዲሽ የቆረጥኩትን ቁራጭ ሻጋታ ጨምሬ በ30 ዲግሪ ለ7 ቀን አስቀምጠዋለሁ። ላይ ላዩን አረንጓዴ ይለብሳል፣ ሥሩ ግን ጭቃ ነው። ከሦስት ፍላስክ አንዱ ደግሞ ይኮመጥጣል። በዲኤንኤስ (ስኳር ሲያገኝ ቀለሙ የሚለወጥ ኬሚካል) ስለካው ከባዶው፣ ማለትም ከማነጻጸሪያው፣ ብዙም አይለይም። ምን ላስተካክል?

ነጭ ጋዎን

እህቴ፣ ችግርሽ ከውሃው ይጀምራል። ደረቅ የሚመስለው ጭድ ራሱ ከ100 እጅ 8 ያህሉ ውሃ ነው፤ 10 ግራም ስትይ 9.2 ግራም ጭድና 0.8 ግራም ውሃ መዝነሻል። 40 ሚሊ ሲጨመርበት፣ ሞላሰሱን ሳንቆጥር፣ ፍላስኩ ውስጥ ካለው 50 ግራም 40.8ቱ ውሃ ሆነ፣ ከ81 በመቶ በላይ። በብናኞቹ መካከል ያለውን ክፍተት ውሃ ከሞላው አየር አይገባም። ሻጋታው አየር ፍለጋ ወደ ላይ ይወጣል፣ ታች ባክቴሪያ ይነግሥበታል።

ልኩን እንዲህ አስቢው። 7 ግራም ጭድ ከ3 ግራም የስንዴ ፉርሽካ ጋር ቀላቅይ፤ ፉርሽካው ናይትሮጅንም መነሻ ምግብም ይሆነዋል። ድብልቁ 9 በመቶ ውሃ ቢኖረው 9.1 ግራም ደረቅ ነገር አለሽ። 17 ሚሊ የማዕድን ውህድ፣ ኋላ ደግሞ 1 ሚሊ የስፖር (የሻጋታው ዘር) ውሃ ስትጨምሪ ከ28 ግራም 18.9ኙ ውሃ ይሆናል፣ 67.5 በመቶ። ለጭድ ከ65 እስከ 70 ጥሩ ነው። ፉርሽካ ብቻ ከሆነ ግን ቶሎ ስለሚጣበቅ ወደ 60 ዝቅ በይ። ለማረጋገጥ፣ አውቶክሌቭ ከመግባቱ በፊት አንድ እፍኝ ጨብጠሽ ጭመቂው። በጣቶችሽ መሃል ውሃ ከተንጠባጠበ በዝቷል። መዳፍሽን አርሶ፣ ስትከፍቺው ድቡልቡል ሆኖ ቆይቶ፣ በጣት ሲነካ ከፈረሰ ልክ ነው።

የቡና መፍጫውንም ቀንሺው፣ ዱቄት ያደርገዋል። በ1 ሚሊሜትር ወንፊት ያለፈውን፣ በግማሽ ሚሊሜትሩ ላይ የቀረውን ውሰጂ።

የአዘዞ ቴክኒሻን

በውሃው እስማማለሁ። ለኮመጠጡት ፍላስኮች ግን ሌላም ምክንያት አለ፣ የጎንደር ከፍታ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ስለሚበልጥ የከባቢ አየሩ ግፊት 78 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፤ ባሕር ወለል ላይ 101 ነው። የግፊት መለኪያው፣ ጌጁ፣ የሚያነበው ደግሞ ከከባቢው በላይ ያለውን ብቻ ነው። ስለዚህ እዚህ 15 ፒኤስአይ ሲያሳይ እንፋሎቱ 117 ዲግሪ አካባቢ እንጂ 121 አልደረሰም። አራት ዲግሪ ትንሽ ትመስላለች፤ የባክቴሪያ ስፖር ለመግደል የሚያስፈልገውን ጊዜ ግን ወደ 2 ተኩል እጥፍ ታረዝመዋለች።

አውቶክሌቭሽ ሙቀቱን በሴንሰር የሚቆጣጠር ከሆነ 121 ላይ 20 ደቂቃ ይበቃል። በጌጅ ብቻ የሚሠራ ከሆነ በ15 ፒኤስአይ 50 ደቂቃ አቆዪው። ወደ 18 ማሳደግም 121 ይሰጣል፣ ነገር ግን ዕቃው ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ ግፊት ሳታዪ እንዳትነኪው። ቫልቩን ከመዝጋትሽ በፊት አየሩ ተጠርጎ ይውጣ፤ አየር ከቀረበት ጌጁ 15 ቢልም ሙቀቱ ከዚያም ያነሰ ነው። የጥጥ ክዳኑን በፎይል ሸፍኚ፣ አለዚያ የእንፋሎቱ ጠብታ ገብቶ ነጭ ጋዎን ያሰላልሽን ልክ ያበላሸዋል።

የደምቢያ ልጅ

ሞላሰሱን አውጪው! ሻጋታው ሴሉሌዝ የሚያመርተው ቀላል ስኳር ሲያጣ ነው። ግሉኮስ ካገኘ ጭዱን ለመስበር አይደክምም፣ ጂኖቹ ይዘጋሉ። ላይ ላዩን አምሮ መብቀሉ አያታልልሽ፤ ብዙ ሻጋታ ማለት ብዙ ኢንዛይም ማለት አይደለም።

ቁራጭ መክተቱም ከፍላስክ ፍላስክ ይለያያል። የ7 ቀን ዲሽ ላይ 0.1 በመቶ ትዊን 80 (እንደ ሳሙና የሚያረጥብ ፈሳሽ) ያለበት ንጹሕ ውሃ አፍስሰሽ ስፖሩን በቀስታ ጥረጊ፣ በሄሞሳይቶሜትር (በማይክሮስኮፕ መቁጠሪያ መስታወት) ቁጠሪ፣ በሚሊ 50 ሚሊዮን አድርገሽ 1 ሚሊ ጨምሪ። ይህ ለአንድ ግራም ደረቅ ጭድ 5 ሚሊዮን ያህል ይሆናል። በ24ኛው ሰዓት ፍላስኩን አንዴ መታ መታ አድርገሽ ፍቺው፣ ከዚያ በኋላ አትንኪው።

ሰባት ቀን ብሎ ነገርም አያስፈልግም። ለ3ኛ፣ 4ኛ፣ 5ኛና 6ኛ ቀን የተለያዩ ፍላስኮች አዘጋጂ፣ በየቀኑ ሦስት ሦስት አውጪ። አብዛኛውን ጊዜ ከፍተኛው 4ኛውና 5ኛው ቀን አካባቢ ነው።

የማራኪዋ ተማሪ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ የአዘዞ ቴክኒሻንንም ጭምር። ኢንዛይሙን የማወጣው በ100 ሚሊ ውሃ ነው። ዲኤንኤሱ ላይስ ስህተት ይኖርብኝ ይሆን?

ነጭ ጋዎን

በውሃ አታውጪ። 0.05 ሞላር የሲትሬት በፈር (ፒኤች እንዳይለዋወጥ የሚያደርግ ፈሳሽ)፣ ፒኤች 4.8፣ ለአንድ ግራም ደረቅ ጭድ 10 ሚሊ፤ ትዊን 80 ጠብ አድርጊበት፣ ምክንያቱም ኢንዛይሙ ካልተበላው ጭድ ላይ ይጣበቃል። በደቂቃ በ150 ዙር ለ30 ደቂቃ አናውጪው፣ በሻሽ ጭመቂው፣ በቀዝቃዛ ሴንትሪፊዩጅ አጥሪው።

ልኬቱ ላይ፦ 1 በ6 ሴንቲ ሜትር የዋትማን ቁጥር 1 ማጣሪያ ወረቀት (50 ሚሊግራም ነው)፣ 1 ሚሊ በፈር፣ 0.5 ሚሊ ኢንዛይም፣ 50 ዲግሪ፣ 60 ደቂቃ። ከዚያ 3 ሚሊ ዲኤንኤስ፣ 5 ደቂቃ የፈላ ውሃ ውስጥ። ልብ በይ፣ ጎንደር ላይ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ቀለሙ በ100 ዲግሪ የሚደርስበት ላይ አይደርስም። ሌላ ቦታ የተሠራ የግሉኮስ ማነጻጸሪያ መስመር ከተጠቀምሽ ኢንዛይምሽ ያነሰ ይመስላል። ግሉኮሱን ሁልጊዜ ከናሙናው ጋር አንድ ድስት ውስጥ አፍዪ።

ሌላው፣ ወረቀት የሌለበት የኢንዛይም ባዶ ያስፈልግሻል። ሞላሰስ ያለበት ፈሳሽ በራሱ በስኳር የጠቆረ ስለሆነ ልዩነቱን ይውጠዋል። «ከባዶው አይለይም» ያልሽው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ናሙናው በ60 ደቂቃ 2 ሚሊግራም ግሉኮስ ካልለቀቀ ደግሞ ውጤቱን በፊልተር ፔፐር ዩኒት (በዚህ ወረቀት በሚለካው የኢንዛይም አሃድ) አትጻፊ፤ ትርጉሙ በዚያች 2 ሚሊግራም ላይ የቆመ ነው። የማውጫውን በፈር ለአንድ ግራም ወደ 5 ሚሊ ቀንሰሽ አውጪና ድገሚው።

የማራኪዋ ተማሪ

ጭዱን በኮስቲክ ሶዳ ላክመው? ደግሞስ ከበሰበሰ ጭድ ላይ ያገኘሁትን ጥቁር ሻጋታ ብቀላቅልበት?

የደምቢያ ልጅ

አክሚው። ለ10 ግራም ጭድ 100 ሚሊ ባለ2 በመቶ ሶዳ፣ 24 ሰዓት በክፍል ሙቀት፣ ከዚያ ፒኤች 7 እስኪደርስ እጠቢ፣ በ60 ዲግሪ አድርቂ። ሊግኒኑ ሲላቀቅ ሻጋታው ወደ ሴሉሎሱ መግቢያ ያገኛል።

የአዘዞ ቴክኒሻን

እኔ በዚህ አልስማማም፣ ቢያንስ አሁን። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ያን ሁሉ ማጠብ ከባድ ነው፤ ሄሚሴሉሎሱም በከፊል አብሮ ታጥቦ ይሄዳል፣ እሱን የሚሰብረውን ኢንዛይም፣ ዛይላኔዝን፣ ለመለካት ካሰብሽ ይጎዳሻል። መጀመሪያ ውሃውን፣ ማምከኑንና ሞላሰሱን አስተካክለሽ አንድ ዙር ሥሪ። ሶዳውን ከዚያ ለብቻው ፈትኚው፣ ያለዚያ የትኛው እንዳሻሻለው አታውቂም። ካከምሽው እጣቢውን በአሲድ አስተካክለሽ ነው የምትደፊው።

ነጭ ጋዎን

አስፐርጊለስ ናይጀር የተባለው ጥቁር ሻጋታ ጥሩ አጋር ነው፣ ትራይኮደርማ የሚያንሰውን ቤታ ግሉኮሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም ይሞላል። ትራይኮደርማውን አስቀድመሽ ዝሪ፣ ናይጀሩን ከ24 እስከ 48 ሰዓት ቆይተሽ፤ አብረው ከተዘሩ ናይጀሩ ቀድሞ ይወርሰዋል። ግን ከጭድ ላይ የለቀምሽውን አትጠቀሚ። ጥቁር ሁሉ ናይጀር አይደለም፣ አንዳንዱም ኦክራቶክሲን የተባለ መርዝ ያመርታል። ቢጫ አረንጓዴ ካየሽ ደግሞ አፍላቶክሲን የሚያመጣው ፍሌቨስ ሊሆን ይችላል። ማንነቱ የታወቀ ናሙና ከላብ ጠይቂ። ፍላስኩን ስትከፍቺም ኤን95 ማስክ አድርጊ፣ በፈሩን በግድግዳው በኩል ቀስ አድርገሽ አፍስሺ፣ ስፖሩ ሳይረጥብ አታናውጪው።