ጀርመን ሸፐርድ ውሻ ወይስ ማልቲዝ? ቤት ውስጥ ተጣልተናል፣ ምከሩን

የሰሚቷ እናት (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሚት አካባቢ ነው ምንኖረው፣ ግቢያችን 175 ካሬ ናት፣ ቤቱና መኪናው ከያዙት የሚተርፈው ያው ትንሽ ቦታ ነው። ባለፈው ወር ጎረቤታችን ጋ ሌባ በአጥር ዘሎ ገባና የውሃ ፓምፓቸውን ነቅሎ ሄደ፣ ከዛን ቀን ጀምሮ ባለቤቴ ትልቁ ጠባቂ ውሻ፣ ጀርመን ሸፐርድ ካልመጣ ብሎ ቁጭ ብሏል። ልጆቹ ደግሞ (ሴቷ 9 ወንዱ 4 ዓመቱ ነው) አክስታቸው ቤት ያለችውን ማልቲዝ የምትባል ትንሽ ነጭ ውሻ አይተው እንደሷ ያለች ካልገዛችሁልን ብለው በየቀኑ ለቅሶ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ አንዱንም አላሰብኩም ነበር ግን አንዱ መምጣቱ ካልቀረ የትኛው ይሻላል? እኔም እሱም ጠዋት 1 ሰዓት ወጥተን ማታ 12 ተኩል ነው ምንገባው፣ ቀን ቤት ያለችው ሰራተኛችን ብቻ ናት።

የሬክስ አባት፦
እህቴ እኔ ሸፐርድ ሳሳድግ 6 ዓመቴ ነው፣ እንደሱ ያለ ውሻ የለም፣ ያስተማርከውን ቶሎ ይይዛል፣ ቤተሰቡን ይወዳል። ግን ባለቤትሽ ምን እያሰበ እንደሆነ ጠይቂው። በሰንሰለት አስሬ ማታ እፈታዋለሁ ካለ ይቅርበት። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት እንደዛ አድርጌው ነበር፣ ስራ ስለሚበዛብኝ ቀኑን ሙሉ ታስሮ ይውላል፣ ውሻው አበደብኝ ማለት ይቻላል፣ መሬቱን ይቆፍራል፣ ያለ ምክንያት ይጮሃል፣ በመጨረሻ የቆጣሪ አንባቢውን ልጅ ነከሰብኝ። ጥፋቱ የኔ እንጂ የሱ አልነበረም። የልጁን ክትባት እስኪጨርስ ከፍዬ ይቅርታ ጠይቄ ነው የተረፍኩት። አሁን ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቼ አንድ ሰዓት አስሮጠዋለሁ፣ ማታም እንደዛው። ውሻ በበላበት ይጮሃል ይባል የለ፣ በታሰረበት ግን ዝም ብሎ ያብዳል።

ሚሚ ከገርጂ፦
እኔ ደግሞ ማልቲዝ ነው ያለኝ፣ ሰው ግን ቆንጆነቷን ብቻ ነው ሚያየው። ፀጉሯ እንደ ሸፐርድ ቤቱን አይሞላም እውነት ነው፣ ግን በየቀኑ ካላበጠርሽላት ይቋጠርና እስከ ቆዳዋ ድረስ ይጠቀለላል፣ ከዛ በኋላ መላጨት ነው መፍትሄው። ክረምት ላይ ግቢ ለሽንት ወጥታ ስትመለስ ነጭ የነበረችው ውሻ ጭቃ ተለውሳ ነው ምትገባው። ደጅ አታድርም፣ ቤት ውስጥ ካንቺ ጋር ነች። የ4 ዓመት ልጅ አለኝ ብለሻል አይደል? 3 ኪሎ የምትሆን ውሻ ናት እኮ። የእህቴ ልጅ ከሶፋ ላይ ጣላትና የፊት እግሯ ተሰበረ፣ ልጁም አለቀሰ እሷም አለቀሰች እኔም አለቀስኩ። ለሌባ ግን አትናቋት፣ በር ላይ ኮቴ ከሰማች ሰፈሩን ነው ምታነቃው 😂

ገብሬ፦
ኧረ የሀበሻ ውሻ ምን በደላችሁ? አየሩን የለመደ፣ የተገኘውን የሚበላ፣ ሌሊት ዓይኑን የማይከድን። የፈረንጅ ውሻ ገዝቶ ለሱ ብቻ ወጥ መስራት ምን ይባላል።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ፦
ገብሬ ቀልድህ ውስጥ እውነት አለ፣ የሀበሻ ውሻም ክትባትና ስልጠና ካገኘ ጥሩ ጠባቂ ነው። ወደ እህታችን ጥያቄ ስመለስ፣ ወንድ ሸፐርድ ሲያድግ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይመዝናል። ደስ ብሎት ሲዘል የ4 ዓመት ልጅ ሊጥል ይችላል፣ ክፋት ኖሮት ሳይሆን ክብደቱ ነው። ዝርያው የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር ስላለበት ከተቻለ የእናትና የአባቱን አካሄድ እዩ፣ ቡችላውንም ገና ሳይጠነክር ደረጃ አታመላልሱት፣ የሚያንሸራትት ሴራሚክ ላይም አታስሩጡት። መንገድ ዳር በካርቶን የሚሸጡትን ተጠንቀቁ፣ አንዳንዱ ገና አንድ ወሩ ነው፣ ቢያንስ 8 ሳምንት እናቱ ጋ መቆየት አለበት። ጆሮው ወድቋል ፒዩር አይደለም የሚሏችሁንም አትስሙ፣ በሁለት ወሩ የሸፐርድ ጆሮ ብዙ ጊዜ ገና አይቆምም። የፓርቮ (ቡችላ የሚገድል የተቅማጥ በሽታ) ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ላይ ይጀመርና በየ3 እና 4 ሳምንቱ ይደገማል፣ እሱ ሳያልቅ መንገድ ላይ አታውጡት። የእብድ ውሻ ክትባት በ3 ወሩ፣ ከዛ በየዓመቱ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ከቄራና ከሉካንዳ የምታመጡትን ሳንባና ጉበት ጥሬውን አትስጡ። ውስጡ ውሃ የቋጠረ እባጭ ካለ ውሻው አንጀት ውስጥ ትል ይሆናል፣ እንቁላሉ ከሰገራው ጋር ይወጣና በልጆች እጅ ወደ አፍ ይገባል፣ ሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ደግሞ ያው እባጭ ይወጣል። በደንብ ይቀቀል። የትል መድኃኒትም ሁሉም ይሄንን ትል አይገድልም፣ ሐኪም ጠይቃችሁ ስጡ።

የሬክስ አባት፦
ዶክተር እኔ ጥሬ ሳንባ ስሰጥ ነው የኖርኩት ምንም አልሆነም ግን 😅

የእንስሳት ሐኪም ነኝ፦
ውሻው ላይማ ምንም አይታይም ወንድሜ፣ ችግሩም ይሄው አለመታየቱ ነው። ሰው ላይም እባጩ ዓመታት ፈጅቶ ነው የሚታወቀው። ከዛሬ ጀምሮ ቀቅልለት።

እመቤት፦
ምግቡን ካነሳችሁ አይቀር ሁዳዴን አትርሱ፣ 55 ቀን ሰፈራችን ያሉት ሉካንዳዎች ይዘጋሉ፣ ባለፈው ዓመት ለውሻዬ አጥንት ፍለጋ ሰፈር ለሰፈር ዞሬያለሁ። ፍሪጅ ካላችሁ ከቅበላ በፊት ቀቅላችሁ አስቀምጡ፣ ወይ ከሩዝ ጋር እንቁላል። የወጥ ትራፊ ደግሞ አይሆንም፣ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው።

ሚሚ ከገርጂ፦
እውነት ነው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም እንዳትሰጡ፣ ተሰነጣጥቆ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። የሰሚቷ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ቀኑን ሙሉ ከውሻው ጋር ምትውለው ሰራተኛችሁ አይደለችም እንዴ? እሷን ጠይቃችኋታል?

የሰሚቷ እናት፦
ወይኔ ሚሚ አሳፈርሽኝ። አልጠየቅናትም። ሁላችንም ስንጨቃጨቅ ቡና እያፈላች ትሰማን ነበር። ዛሬ ማታ እጠይቃታለሁ።

የሰሚቷ እናት፦
ጠየቅኳት። ትልቁ ይሻላል አለች! አገር ቤት ከብት ጥበቃ ከውሻ ጋር ነው ያደግኩት፣ ትንሿን ግን ስጠርግ እረግጣታለሁ ብዬ እፈራለሁ፣ ደግሞ እሷን ማበጠር በኔ ላይ ነው የሚመጣው አለች 😂 ልክ ናት። ባለቤቴ አሸነፍኩ ብሎ ሊጨፍር ሲል የሬክስ አባትን ኮመንት አነበብኩለት፣ ሌሊት 11 ሰዓት የሚለው ጋ ሲደርስ ዝም አለ። ለአንድ ወር ያለ ውሻ በ11 ሰዓት እየተነሳ ይራመድ፣ ከቻለ ቡችላው ይመጣል ብለን ተስማምተናል። ነገ የመጀመሪያ ቀኑ ነው፣ አላርም ሞልቶ ተኝቷል።

የሬክስ አባት፦
ሰሚት ከሆነ ቅርብ ነኝ፣ ከሬክስ ጋር መጥቼ በር ላይ እንጠብቀዋለን በይው።